ሦስተኛው ጥቅል

ከድሬ የሚነሣው የሌሊቱ ባቡር
አምስት ክብ ቆርቆሮ ጥሎልን ሲሻገር፥
ተሸካሚው እኔ፥ ጋሪ ነጂው ቱራ፥
ፍራንኮ ስንደርስ ጀንበር ስታበራ።
በቆርቆሮው ክዳን በቀይ ቀለም ተጽፎ
አንድ ስም ነበረ፥ ዳር ዳሩ ተገፍፎ፦
ኦሬስቴ ማሪንጌሊ።
ፊደል አልቆጠርኩም፤ በንቲ ነው ያነበበልኝ፥
"ደራሲውም አዘጋጁም ራሱ ነው" ያለኝ።

በንቲ ማሽኑን ይዘውራል፥ ጣሊያንኛም ይሞክራል፤
ከፊልሙ ጋር የመጣውን ወረቀት እንዲህ ይተረጉማል፦
የጫማ ሰፊ ልጅ ነው፤ ወንዝ ዳር ተወለደ፤
ዘጠኝ ዓመት ለሌሎች ጽፎ የገዛ ስሙ ተካደ፤
በውሰት ካሜራ፥ በብድር፥ አንድ ፊልም ሠራ፤
ያ ሲሸለምለት የሚቀጥለው ቤቱን አስለቀቀው፥ በኪሣራ።
"ደግሞ" ይላል በንቲ፥ "ጫማ አይጠፋበትም፤
ሰው ሲሞት ሶሉን እንጂ ፊቱን አያሳይህም።
ከስፌቱ መሀል የአባቱን እጅ እየፈለገ አይመስልህም?"

የዚያ ሰሞኑ ፊልም የአንድ ሐዲድ ጠባቂ ታሪክ ነው፤
በሦስተኛው ጥቅል ልጁ ስትዳር ይቀመጣል፥ ማንም ሳያናግረው፤
በአራተኛው ይሞታል።
የናዝሬት ፀሐይ ግን የቆርቆሮ ቁጥር ያቀልጣል።
በንቲ አራተኛውን አስቀድሞ ጫነ፤
ሰውየው ሞተ፥ ተቀበረ፥ አፈሩ ተደፈነ።
መብራት ሳይበራ ሦስተኛው ሲቀጥል
ሟቹ ከልጁ ሠርግ ጥግ ይዞ ቁጭ ብሏል።
ሳህን የሚያቀርብለት የለም።
እሱም አይከፋም።
ሸራውን በሸንበቆ እየነካ የሚተርክልን ኡመሬ
አፉ ተያዘ፥ ያን ለት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ሸንኮራ ማኘክ ቆመ።
ከወንጂ የመጡት አገዳ ቆራጮች ባርኔጣ አወለቁ፤
አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ ተወችው፤ ልጆች እንኳ አልሳቁ።

በማግስቱ ሙሴ ስታቭሮ ተቆጥቶ ተራውን አስተካከለ።
ሕዝቡ ተነሣ፤ ምጣጭ በሸራው ላይ ዘነበ፥ "ሌባ!" ተባለ።
"ሰውየውን መልሱት! ለሠርጉ መምጣት አለበት!"
እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ታየ፥ ሞቱ ቀድሞበት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፥ ነፋሱ አቧራ ሲያስጨፍር፥
መኪናው የተሰበረበት ፈረንጅ ሽማግሌ ገባ፥ ከፍሎ፥ ከሰው ጋር።
ሞት ሲቀድም ተነሣ።
ወንበር እየገፋ፥ ደረጃውን እያለከለከ፥
ምድጃ ከመሰለች የማሽን ቤታችን ድረስ ዘለቀ።
ጫማውን አየሁ፦ በእጅ የተሰፋ፥ የአንዱ ማሰሪያ የተፈታ።
በጣሊያንኛ ጮኸ፤ በንቲ አልመለሰም፥ ማሽኑን አልገታ፤
በጣቱ ብቻ አመለከተው፥ በትንሿ መስኮት፥
ሕዝቡን፥ ወደ ታች።
ሽማግሌው አጎንብሶ አየ።
ሠርጉ ደረሰ። ሟቹ ተቀመጠ።
ጥቅሉ እስኪያልቅ ድረስ ያ አንገት አልተቃናም።
ከዚያ በምልክት እርሳስ ጠየቀ፤ ቃል አልተናገረም።
ክዳኖቹን አገላብጦ ሦስትን አራት፥ አራትን ሦስት
አድርጎ ጻፈ፥ ተጭኖ፥ እንደ ልጅ፥ ሁለት ሁለት ጊዜ።
ወርዶ ሄደ። ማሰሪያውን አላሰረም።

በንቲ እስኪሞት ድረስ "ራሱ ነው" እንዳለ አለ፤
ስታቭሮ ግን "የቆቃ ግድብ መካኒክ ነው፥ ሰክሮ ነው" ሲል ማለ።
እኔ እንጃ።

ዛሬ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ነው፤ ደጁ ላይ ባጃጅ ይታጠባል።
ስለ ኦሬስቴ ሞት በራዲዮ ሰማሁ፥ ሁለት መስመር ዜና፤
የፊልሞቹ ብዛት ተነገረ፥ ስለ ጫማ ያነሣ የለምና
ዘጋሁት።
አንዱ ክዳን እኔ ቤት ነው። ባለቤቴ ቁልፍና ክር ታስቀምጥበታለች።
"ምንድን ነው ይሄ ቁጥር፥ አንዱ በሌላው ላይ?" ትለኛለች።
"ተራ ነው" እላታለሁ።
መርፌዋን አግኝታ ትከድነዋለች።